ኒም ሥር የቆሙ ምስክሮች

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጠበቃ ጋረደው፣ ሾዋክ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ጎን ካለው የሣር ዳስ፣ ራኩባ ሥር። ወንበርህ ላይ ካለህ ላንተ፤ ከሌለህ ወንበሩ ተቀብሎ ያቆይልህ።

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? ዓይንህስ? የዓይንህን የጠየቅሁት ለወግ አይደለም፤ እመለስበታለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ስለሚነግረኝ አላማርረውም። እዚህ ሰሊጡ ደርሶ ከመተማ በኩል የወረደው አጫጅ ከተማውን ሞልቶታል፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ክርን ያስፈልጋል። ራሴ መጥቼ እንዳላይህ ታስሪህ ከለከሉኝ። አንድ ሽማግሌ ያለ ይለፍ ወረቀት ሾዋክ ቢደርስ ሱዳን እንደምትፈርስ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ይህን በሎሪ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ።

የሣህሊቱን ደኅንነት ጠይቀኸኛል። ደህና ናት። እኔ ዘንድ ሆና ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ዐረብኛውን ከእኔ አስበልጣ ስለ ያዘች ነጋዴ ሲሰድበኝ አለሳልሳ ትተረጉምልኛለች፤ እኔም የተመረቅሁ እየመሰለኝ አሜን እላለሁ። ስለ ሟቿ ስለ ወርቅውሃ ግን አታነሣም። ለእኔ የሟች ልጄ ሚስት ነበረች፤ ለዚች ልጅ ግን በስድሳ ዘጠኙ ጦርነት ከሑመራ ስንሸሽ ከመንገድ ዳር አንሥታ እስከ ወድ ኤል ሒለው ያዘለቻት እናቷ ናት። ሆዷ ግን አልወለዳትም። ይህን ታውቀዋለህ፤ ሽማግሌ የታወቀ ነገር መድገም ስለሚወድ ነው። የወርቅውሃ ኑዛዜ ከጸና ሾዋክ ያለው ወፍጮ ቤትና ግቢው የሣህሊቱ ነው። ካልጸና ፍርድ ቤት የሄደው የወርቅውሃ የሥጋ ወንድም ገሠሠ ይወስደዋል፤ ልጅቱም በዚህ ምድር የኔ የምትለው አንድ ድንጋይ አይኖራትም።

አሁን ወደ ዓይንህ ልምጣ። የላክኸውን፣ የወርቅውሃ አውራ ጣት ያረፈበትን የኑዛዜ ግልባጭ መነጽሬን ጠርጌ አነበብሁት። ጽሕፈትህ ያምራል፤ ሰው በዚህ ጽሕፈት ቢሰደብም አይከፋው። እንዲህ ይላል፦ «ሣህሊቱ ለአካለ መጠን እስክትደርስ ድረስ ወፍጮ ቤቱን በአደራ የሚጠብቀው ጋረደው ነው።» ጸሐፊው ማነው? ጋረደው። ደጋሹም አጋፋሪውም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህን ስትጽፍ ዓይንህ አላየውም ወይ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው፤ እኔ ደግሞ የሚመነጠር ነገር የቀረኝ ጥቂት ነው።

በዚህ መሐል አንዳርጌ፣ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ከኑዛዜው ሁለት ምስክሮች አንዱ፣ የወፍጮ ቀበቶ ሊገዛ መጥቶ እኔ ዘንድ ሻይ ጠጣ።

«ለመሆኑ አህያዋን ለማን ተናዘዘች?» አልሁት።

«አህያዋን?»

«ግራጫዋን ነዋ። አንተ ስትሰማ አይደል የተነበበው?»

ሻዩን እፍ አለው፤ ቀዝቅዞ ነበር። «ለቤተ ክርስቲያን መሰለኝ አያ ታከለ» አለኝ። «ነፍሷን ይማርና ስለ አህያዋ አምርራ ነው የተናገረች።»

ጋረደው ልጄ፣ ወርቅውሃ አህያ ኖሯት አያውቅም። ያልነበረችን አህያ የሰማ ምስክር፣ የነበረው ነገር ሲነበብ የት ነበር?

እስክትመልስልኝ ድረስ ክፉ ነገር አላስብም። ትንሽ ብቻ አስባለሁ።

ታከለ

———

ሾዋክ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአያ ታከለ፣

በቅድሚያ ጤንነትዎን እመኛለሁ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሞኑን ካሻ ስለ ነበረ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ስደተኛ ሁሉ ሲያፍስ ራኩባው ተዘግቶ ሰነበተ።

አህያዋን በሚመለከት የምሰጠው አስተያየት የለም። አንዳርጌ ፈሪ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ሲጠይቀው እሺ ይላል። ኑዛዜው በሕግ የሚጠየቀው ሁሉ ተደርጎበታል። ተጽፏል፤ ለተናዛዧ ተነቦላታል፤ እርሷም ሁለቱም ምስክሮች በአውራ ጣታቸው አትመውበታል። ባለ አደራነቱን እኔ አልለመንሁም። «ማን ይያዝልሽ?» ስላት ወደ እኔ አየች። ጎንደር ሳለሁ ለስንት ሰው ኑዛዜ እንደጻፍሁ የሚያውቅ ሰው አሁን እዚህ የለም፤ ደርግ ከተማውን ከበተነው በኋላ ማን ይመስክርልኝ?

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ለኅዳር 24 ሆኗል። ዳኛው፣ ሙላና የምንላቸው፣ የክርስቲያኖቹን ነገር በክርስቲያኖቹ ልማድ አያለሁ ብለዋል። ያተሙት ሁለቱ ሰዎች ቀርበው «ለእርሷ ሲነበብ በጆሯችን ሰምተናል» ብለው መስቀል ይዘው ይምላሉ። ከዚያ ወዲያ ገሠሠ የሚለው አይኖረውም። እርስዎም ምስክሮቹን ባያስጨንቋቸው እወዳለሁ።

ካስቀየምሁዎ ይቅር ይበሉኝና እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጅቱ ያለችው እርስዎ ቤት ነው። ወፍጮው የእርሷ ሲሆን፣ ዱቄቱ የሚቦካው በማን ቤት ነው?

አክባሪዎ
ጋረደው

———

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋረደው፣ ልጄ፣

ጠረጠርኸኝ። ጎሽ። ሰው መሆንህን አሁን ገና አወቅሁ፤ እስከ ዛሬ በማኅተም የተሠራህ ይመስለኝ ነበር። ዱቄቱ እኔ ቤት ይቦካል፤ የሚበላው ግን ጥርስ ያለው ነው። ጥርሴን አይተኸዋል።

ቀጠሮውን ሣህሊቱ ሰምታ እንደሆን ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ሰምታለች። «ወፍጮ ቤቱ ሲሸጥ የግቢውን የኒም ዛፍም ይቆርጡታል?» አለችኝ። ማን ይሸጠዋል ብዬ ተቆጣሁና ወደ ገበያ ወጣሁ፤ የምገዛው ነገር አልነበረኝም።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «ተነቦላታል» ትላለህ። «አትመዋል» ትላለህ። ዳኛው የሚጠይቀውን፣ ምስክሮቹ ሰሙ የሚለውን ግን አንተ ራስህ ዘልለኸዋል። ጠበቃ አንድ ነገር ሲዘልል አህያ ድልድይ ላይ እንደቆመች ነው፤ ከፊቷ ያየችው ነገር አለ።

ስለዚህ የነፍስ አባቷን አባ ገብረ ሥላሴን ልጠይቅ ሄድሁ። እዚህ ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ለምን እንደመጣሁ ገና ሳልናገር ገባቸው።

«ታከለ፣ ንስሐ ስትቀበል ያለችውን ልትጠይቀኝ ከሆነ ጉልበትህን አድክመሃል።»

«ያለችውን አልጠየቅሁም አባቴ። ማን ማን ቤት ውስጥ እንደነበረ ብቻ።»

«እኔ መስቀል ይዤ ስገባ ሰው ይወጣል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን አለ?»

«ሁሉም ወጣ?»

«ወጣ እንጂ። ግቢው ውስጥ ኒሙ ሥር ቆሙ።»

«ጸሐፊውስ?»

ዳዊታቸውን ዘጉት። «ኋላ ጠርቼው ገባ። ወረቀቱን አነበበላት።»

«ምን አነበበ?»

«እኔ መስቀሌን ከእጄ ሳላኖር፣ ይፍታሽ ሳልላት የተባለውን ሁሉ አላወራም። ቃልም ይሁን ወረቀት ለይቼ አልከፍለውም። ሂድ፣ ደኅና ዋል።»

ደኅና አልዋልሁም። ሁለቱ ምስክሮች ኒም ሥር፣ አንተ ከቄሱ ጋር ውስጥ። ምስክሮቹን መልሰህ አስገብተሃቸው ነበር ወይ? አዎ ካልኸኝ አምንሃለሁ። ግን አትቸኩል።

ሌላም ልንገርህ። ገሠሠ ከኸሽም ኤል ቂርባ መጥቶ ነበር። ስኳር ይዞልኝ መጣ፤ ስለ ወፍጮው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ እንደሰማሁት ሾዋክ ወርዶ ለአንዳርጌ አዲስ ጀላቢያ አልብሶታል። ሰው የተከራካሪውን ምስክር የሚያለብሰው ለምንድን ነው? እኔ ገሠሠን ብሆን፣ አንዳርጌ መስቀሉን ይዞ በሐሰት እስኪምል ድረስ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ አንዳርጌ ኒሙ ሥር እንደቆመ ያየውን ሰው አቀርባለሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣልኝ በራሴ አፍራለሁ፤ ግን በቶሎ ነው የሚመጣልኝ።

ታከለ

———

ሾዋክ፣ ኅዳር 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአያ ታከለ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ጥቂት ቀን ኪሴ ውስጥ ዋለ። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አላስገባኋቸውም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ወረቀቱን ጽፌ ልጨርስ ስል አባ ገብረ ሥላሴ ደረሱ። መስቀላቸውን ሲያወጡ ሁላችንም ተነሥተን ወጣን። ከቆይታ በኋላ በሩን ገርበብ አድርገው «ጸሐፊው ይግባ፣ ደክማለች» አሉኝ። ስገባ ገና መስቀሉን ራሷ ላይ እንደያዙ ነበር። ጆሮዋ ሥር ሆኜ አነበብሁላት፤ ቃል በቃል ሰማችኝ፤ «እንዲሁ ነው» አለች። ገርበብ ባለው በር ምስክሮቹን አያቸው ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆመዋል፤ የሴት ልጅ ንስሐ እንዳይሰሙ። እንዴት ብዬ ልጥራቸው? ቄሱ ተቀምጠው፣ እርሷ እያለቀሰች፣ «ኑ ግቡና ስሙ» ልበል? አፈርሁ። ወረቀቱን ይዤላቸው ወጣሁና ኒሙ ሥር አተሙ። ምን እንዳለበት አልጠየቁኝም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። እኔም አልነገርኋቸውም።

ምስክር ባለበት መነበብ እንዳለበት አውቅ ነበር። አላውቅም ብል ይቀለኝ ነበር።

አሁን የቀረው አንድ መንገድ ነው። በኑዛዜው ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ፈቃዷ ነው፤ ማንም ሰው አይበደልም። ምስክሮቹ ቃሉን አጥንተው ቢቀርቡ እውነቱን ይናገራሉ ማለት ነው። አንዳርጌና ሁለተኛው ምስክር ወልደ ማርያም የእርስዎን ቃል ያከብራሉ። ኑዛዜው እጅዎ ላይ አለ። ቢያስጠኗቸው የልጅቱ ቤት ይተርፋል። ካልሆነ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ጋረደው

———

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋረደው፣

ዛሬ ስለ ወገብህ አልጠይቅህም።

መልስዎን ቁርጥ አድርገው ይንገሩኝ ብለህ በሹፌሩ ልከህብኛል። አንዳርጌን አስጠርቼው ነበር። መጣ፤ አዲሱን ጀላቢያ ለብሶ። ተቀመጠና «ምን እንደሰማሁ ብቻ ይንገሩኝ፣ አያ ታከለ፤ የሰማሁትን እምላለሁ» አለኝ። አየህ፣ ከዚህ የበለጠ ታዛዥ ጆሮ የትም አይገኝም። ኑዛዜውን ዘረጋሁት። መነጽሬን አደረግሁ። አፌን ከፈትሁ። በዚህ መሐል ሣህሊቱ ለእንግዳው ውሃ ይዛ ገባች። ውሃውን አስቀምጣ ወረቀቱን አየች፤ የእናቷን ጣት አየች። አፌን ዘጋሁ። አንዳርጌ ውሃውን ጠጥቶ ሄደ፤ ምን ሊሰማ እንደመጣ እስካሁን አያውቅም።

ማንም አይበደልም ብለሃል። ይህች ልጅ እድሜዋን ሙሉ «የማን ልጅ ናት» ሲሏት የኖረች ናት። ቤቷን በሐሰት መሐላ አቁሜ «በሐሰት የገባች» የሚል ስም ልጨምርላት? ገሠሠ ደግሞ ይህንኑ ቀን ነው የሚጠብቀው። እኔ ግን ገሠሠ ባይኖርም አላደርገውም። ልቤ አዎ ይል ነበር፤ ልቤ ዱሮም አይታመንም።

ንዴቴ በሌላው ነው። ባለ አደራ ብለህ ራስህን ስትጽፍ ወፍጮውን ልትበላ መስሎኝ ነበር። ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሌባን እንዴት እንደምይዘው አውቃለሁ። አንተ ግን ያፈርህ ሰው ነህ። ያፈረ ሰው ምኑ ይያዛል?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰቲትን አሻግራለሁ ብሎ የሰው እጅ የያዘ ዋናተኛ፣ ወንዙ መሐል ላይ ሲደርስ «አፍሬ ለቀቅሁ» ቢል፣ የሰመጠው ሰው ዘመዶች ምን ይሉታል? ጨዋ ነው ይሉታል? ወርቅውሃ ማንበብ አታውቅም፤ ሕግ አታውቅም። በዚያ ገበያ ውስጥ አንተ ዘንድ የመጣችው «ይህ ሰው ያውቃል» ብላ ነው። አንተም ጠረጴዛ ዘርግተህ «አዎ አውቃለሁ» ብለሃል፤ አፍህ ባይልም ጠረጴዛው ብሏል። እኔ ጠረጴዛ የለኝም። አንዳርጌም የለውም። እኛ ብናፍር ማንም አይሰምጥም።

ኅዳር 24 እመጣለሁ። ታስሪሁን ሣህሊቱ በዐረብኛዋ አወጣችልኝ፤ የቢሮው ሰው በመጨረሻ ወንበር ሰጣት። አንዳርጌና ወልደ ማርያም እጃቸውን ወደ መስቀሉ ከመዘርጋታቸው በፊት የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። እኔ አልናገርም። እኔ አልነበርሁም። የነበርኸው አንተ ነህ።

ትመጣለህ ብዬ እጠረጥራለሁ። ትጠፋለህ ብዬም እጠረጥራለሁ። የኸርጡም ሎሪ በዚያው ቀን ጧት እንደሚነሣ ሰምቻለሁ።

ታከለ

———

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጋረደው፣ ሾዋክ፣ ገና ቤትህ ውስጥ ላለኸው፣

እንደምን አለህ? ሳላይ እየፈረድሁብህ ኖሬ አሁን ደኅንነትህን ስጠይቅ ራሴን ትንሽ ይኮሰኩሰኛል፤ ግን ጠየቅሁ። የልጅቱን ነገር ሊያዩ የተቀመጡትን ያገራችንን ሽማግሌዎች ውሳኔ ይንገሩኝ ብለሃል። እሱን ከመንገሬ በፊት ያን ቀን ፍርድ ቤት አይቼህ ያልነገርሁህን ልንገርህ፤ ስትወጣ ፈጥነህ ስለ ወጣህ አልደረስሁብህም።

አንዳርጌ እጁን ሲዘረጋ «አያስምሉት» ብለህ ስትነሣ፣ አስተርጓሚው ሳይተረጉም ቆሞ ቀረ። ሙላና «ምን አለ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። «እነሱ አልሰሙም፤ ያላስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሟች ፈቃድ ግን ይኸው ነው» ስትል ድምፅህ ቀጭን ነበር፤ ራኩባህ ሥር ያለው ወፍራሙ ድምፅህ የተከራየኸው ኖሯል። እኔ የማየው ገሠሠን ነበር። ከጥጉ አንድ የማላውቀው ሰው ሊነሣ ከወንበሩ ብድግ እንዳለ ገሠሠ በእጁ ቁጭ አደረገው። ያ ሰው ምስክሮቹን ኒሙ ሥር ያየው ሰው ነው። እንደ ጠረጠርሁት ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም። አንዳርጌ በሐሰት ምሎ ቢሆን ያን ዕለት ከፍርድ ቤቱ የሚወጣው በፖሊስ ነበር። ሲወጣ ጀላቢያውን አውልቆ ለገሠሠ ጣለለት፤ በሸሚዝ ብቻ ሾዋክን አቋርጦ ሄደ።

ኑዛዜው ወደቀ። ወፍጮ ቤቱን ገሠሠ ወሰደው፤ ይህን አንተም አይተሃል። ሣህሊቱ ፍርዱን ስነግራት አላለቀሰችም። ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበችው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እዚህ ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀመጡ። ታስሪህ ስለ ከለከሉህ አንተ አልነበርህም፤ «የሚሉትን ሁሉ እቀበላለሁ» ብለህ የላክኸው ቃል ግን ተነገረ። አባ ገብረ ሥላሴም ነበሩ፤ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ነገሩ ሲመረመር ዋለ። አንዱ «ሳያውቅ የሠራው ነው» አለ። ሌላው «ማወቁን ራሱ ተናግሯል» አለው። ወልደ ማርያም «እኛም አልጠየቅንም፤ እኛም አፍረናል» ብሎ ከጥፋቱ ሊካፈልልህ ሞከረ። ሽማግሌዎቹ «አንተ አውቃለሁ ብለህ አልተቀመጥህም» ብለው አስቀመጡት። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ ልጅቱ ቤት ያጣችው በጋረደው እጅ ነው፤ ስለዚህ ጋረደው ቤት ይስጣት። አውቶቡስ መቆሚያው ጀርባ ያለው ግቢህና ሁለቱ ክፍሎች የሣህሊቱ ይሁኑ። እስክታድግ የሚጠብቅላት ባለ አደራም ወልደ ማርያም ይሁን። እኔ ነበርሁ አንተ አትሁን ያልሁት። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምቼ ላሾፍብህ አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ቀልድ አጣሁ። በሽማግሌነቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለልጅቱ ነገርኋት። ሰማችኝና፣

«እሱስ የት ሊያድር ነው?» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ይህን አላሰቡትም። እኔም አላሰብሁትም። «እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ ያስብበት» አልኋት።

«ክፍሎቹ ሁለት አይደሉም?» አለች።

«ሁለት ናቸው።»

«የእኔ ከሆኑ የውጭኛው ክፍል ለእሱ ይሁን። እኔ ትምህርቴን እስክጨርስ እዚሁ ነኝ።»

ተከራከርኋት። ሰው ይታዘብሻል አልኋት። ይህ ሰው እናትሽን አፍሮ የጣለ ነው አልኋት። «ታዲያ አሁን አላፈረም» ብላኝ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ስለዚህ ከቤትህ አትውጣ፤ ወደ ውጭኛው ክፍል ተዛወር። አሁንም እጠረጥርሃለሁ፤ ይህን የማቆመው ስሞት ነው፤ አንተ ደግሞ አትቸኩልብኝ። ቤቱን ለእርሷ የምታስተላልፍበትን ወረቀት ሌላ ጸሐፊ ይጻፈው ቢሉ አልተስማማሁም። አንተው ጻፈው። አውራ ጣት የሚታተመው በሚመጣው እሑድ ሾዋክ ግቢህ ውስጥ ነው፤ ሣህሊቱንም ይዣት እመጣለሁ። ቄስ ቢኖር ባይኖር፣ ሰው ቢያፍር ባያፍር፣ በሩን ወለል አድርገህ ክፈተው፤ ምስክሮቹን ከውስጥ አስቀምጣቸው፤ ልጅቱን ከፊትህ። ከዚያ ጮክ ብለህ አንብብ።

ታከለ